ከቲቸር አልዊን ፊት የሚሄድ ሰው

«ለክቡራን ሐዘንተኞች በሙሉ። በታላቅ አክብሮትና በጥልቅ የኃላፊነት ስሜት የሚተላለፍ ማስታወቂያ ነው። በትናንትናው ምሽት ከአዳራሹ ደረጃ ግርጌ ከወለቁት ጫማዎች መካከል ሰማያዊ ቀለም ያለው፣ ቁጥሩ ሠላሳ ዘጠኝ የሆነ፣ የቀኝ እግር ነጠላ ጫማ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ቦታውን ለቋል። የግራው እግር በገዳሙ ጽሕፈት ቤት በክብር ተቀምጦ ይገኛል።»

ምክትል ርዕሰ መምህር ዊሩት ድምፅ ማጉያውን ራቅ አድርገው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በየጠዋቱ የባንዲራ ሰልፍ ላይ ሲናገሩ ያረጁ ሰው ናቸው፤ የነጠላ ጫማ መጥፋትንም የሰው ሞትንም የሚያውጁት በአንድ ድምፅ ነው። ከትናንት በስቲያም በዚሁ ድምፅ ነበር፣ በሴቶች ትምህርት ቤታችን ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረው ዌልሳዊው ቲቸር አልዊን፣ ያጠበውን ሸሚዝ ሲያሰጣ ልቡ ቀጥ ብሎ ማረፉን የነገሩን።

የሒሳብ መምህሩ ሶምዮት ከኋላ ረድፍ፣ ምሰሶ ሥር፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ለሐዘንተኛ የሚታደለውን የኬክና የሶያ ወተት ካርቶን ጭኑ ላይ አስቀምጦታል፤ አይከፍተውም፣ አይመልሰውም። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል፣ መነኮሳቱ ጸሎቱን ደግመው ሲጨርሱ ይነሣል፣ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ሴቶቹ መምህራን አፋቸውን በእጃቸው ጋርደው ዓመት ሙሉ የዘጋውን ሰው ሊሸኝ መጣ ይባባላሉ።

ከፊት ሣጥኑ አለ። ነጭ ነው፤ በወርቅማ አበባ አጊጧል፣ ከሥሩ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለታል፣ ዙሪያውን ቀይና አረንጓዴ አምፖሎች ይሯሯጡበታል። ቲቸር አልዊን በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የገባው የባንኮክ አውቶቡስ የተሳፈረ ዕለት ብቻ ነው። ፎቶግራፉ ከሥራ ፈቃዱ ላይ ተወስዶ እንዲተልቅ ተደርጓል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሲስቅ የኖረ ሰው በሞቱ ቀን ዶሮ ሰርቆ የተያዘ መስሏል።

በከተማችን አሁን አሁን ለሐዘን አበባ ይዞ መምጣት ቀርቷል። አበባ ይጠወልጋል፤ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ግን ኋላ ለገዳሙ ይተርፋል። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ጥብጣብ የታሰረላቸው አሥራ አራት ማራገቢያዎች በሣጥኑ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ቤት ያከራየችው አክስት ላምዱዋን አሥራ አራቱንም አብርታቸዋለች። ሣጥኑ ማቀዝቀዣ እንዳለው ሦስት ሰዎች ነግረዋታል። ሙቀት እንደማይችል የማውቀው እኔ ነኝ ብላ ማብሪያውን የነካውን ሁሉ አባርራለች።

ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ሳህን ይዛ ወደ ሣጥኑ ቀረበችና ክዳኑን በጣቷ ሁለቴ አንኳኳች።

«ቲቸር፣ ራት ደርሷል። ሩዝና እንቁላል ጥብስ ነው። ቃሪያ የለውም።»

ትንሽ ጠበቀች። ሰውዬው በሕይወት ሳለም ሲጠሩት ቶሎ አይመጣም ነበር። ከዚያ ሳህኑን ከፎቶግራፉ ሥር አኖረችና በቀጥታ ወደ ምሰሶው ሄደች። የመጣችበትን ሁላችንም እናውቃለን።

በሁለተኛው ቀን አበምኔቱ ከእሳቱ ፊት ማን እንደሚሄድ ጠይቀዋት ነበር። በአገራችን ሟች ወደ እሳት ሲሄድ ከቤቱ አንድ ወንድ፣ ልጅም ይሁን ወንድም፣ በዚያው ዕለት ጠዋት ተላጭቶ ይመነኩሳል። ከሣጥኑ የተሳበውን ነጭ ክር ይዞ ከፊት ይመራዋል፤ ማታ ቢጫውን ልብስ መልሶ ወደ ቤቱ ይገባል። መሪ ያጣ ሰው ወዲያ ማዶ መንገዱ ይጠፋበታል ይባላል። ቲቸር አልዊን ግን ልጅ የለውም። እህቱ እዚያው ዌልስ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናት፤ እዚያው አቃጥሉት፣ ከቦታ ቦታ ሲያንቀሳቅሱት አይወድም ብላ ጽፋለች። ያስተማራቸው ሁሉ ሴቶች ናቸው፤ ነጭ ለብሰው ሊከተሉት እንጂ ሊመሩት አይችሉም። በትምህርት ቤቱ ወንድ መምህራን ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ሣጥን ውስጥ ነው፣ አንዱ ዊሩት ናቸው። ዊሩት ደግሞ ከተላጩ ድምፅ ማጉያውን ማን ይይዘዋል?

«ክሩን የምትይዘው አንተ ነህ» አለችው አክስት ላምዱዋን።

«እኔ ምኑ ነኝ?»

«ጓደኛው ነሃ።»

«ነበርኩ።»

«ስማኝ ልጄ። ከገበያ እስከ ቤቴ ሦስት መታጠፊያ ነው። ይሄ ሰውዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለተኛው ላይ ይሳሳት ነበር። ጎረቤት እጁን ይዞ ነው የሚያመጣልኝ። አሁን እዚያ ብቻውን ልኬው እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«ካርታ ስጪው» አለ ሶምዮት።

በያዘችው እርጥብ ፎጣ ጉልበቱን መታችውና ሄደች። እሱም ካርቶኑን ጭኑ ላይ አስተካክሎ ወደ አምፖሎቹ ማየቱን ቀጠለ።

ቲቸር አልዊን ከተማችን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ፣ የመቶ ስልሳ ተማሪዎቹን ስም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጽፎ በየክፍሉ በር ላይ ለጠፈ። የጻፈው በቀይ ቀለም ነበር። እኛ ዘንድ በቀይ የሚጻፈው የሟች ስም ነው። ሳይረፍድ እናቶች በሩን ሞሉት፤ አንዷማ እያለቀሰች ነበር የመጣችው። ቲቸር አልዊን በደስታ ያለቀሰች መስሎት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት።

ያን ጊዜ ነው አንድ የማያውቀው ወጣት የሒሳብ መምህር ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገንጥሎ፣ ከኪሱ ሁለት ሰማያዊ እስክሪብቶ አውጥቶ፣ አንዱን የሰጠው። መምህራን ክፍል ተቀምጠው ፀሐይ እስክትጠልቅ መቶ ስልሳ ስም ጻፉ። ቲቸር አልዊን ምክንያቱን የጠየቀው የመጨረሻውን ስም ከጻፈ በኋላ ነው። ሲነገረው ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀይ እስክሪብቶ በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ እርማቱን ሁሉ በአረንጓዴ ነበር የሚያርመው። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ሣር በቀለ ይሉ ነበር።

ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ሶምዮት የሚያጣብቀውን ሩዝ በጣት ጠቅልሎ መብላት አስተማረው፤ እሱም ለሶምዮት ሻይ ውስጥ ወተት መጨመር አስለመደው፤ ሁለቱም በየቤታቸው ለዚህ ተወቅሰዋል። በየሦስት ወሩ በሶምዮት ሞተር ብስክሌት ወደ ኢሚግሬሽን ይሄዳሉ፤ ቲቸር አልዊን አሁንም እዚያው አክስት ላምዱዋን ቤት እንደሚኖር ለመንግሥት ሊያሳውቅ። መኮንኑ የተለወጠ ነገር አለ ወይ ይለዋል። ቲቸር አልዊን ሁልጊዜ «ዕድሜ» ብሎ ይመልሳል። መኮንኑ በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልሳቀም፤ ሶምዮት ግን በየሦስት ወሩ ይስቅ ነበር።

ያጣላቸው ፈተና ነው። በትምህርት ቤታችን ተማሪ አይወድቅም። መውደቅማ ደንቡ ላይ አለ፤ ግን የወደቀች ልጅ እስክታልፍ ድረስ ደጋግማ ስለምትፈተን፣ ዕረፍቱን የሚወድ መምህር ገና ከጅምሩ ያሳልፋታል። አምና አሥራ አንድ ልጆች ከአንዲት ጎበዝ ገለበጡ። መልሱን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የልጅቷን ስምም ጭምር ገልብጠውት ተገኘ። ቲቸር አልዊን ለአሥራ አንዱም ዜሮ ሰጠ። ዊሩት ማለፊያ እንዲጽፍላቸው ሊያግባቡት ሞከሩ፤ እምቢ አለ። ዜሮ አይገባም ሲሉት የውጤት ወረቀቱን አሥራ አንድ ቦታ ባዶ ትቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ውሉ የሚያልቀው በዚያው ሳምንት ነበር። ውጤት ያላስገባ መምህር ውሉ አይታደስም፤ ውል የሌለው የውጭ ሰው ደግሞ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ሶምዮት በማግስቱ በጠዋት ብቻውን ገብቶ ባዶዎቹን ሞላቸው። ሰባትን ሲጽፍ ግን ወገቧ ላይ ጭረት ያደርግባታል፤ እሷ አጋለጠችው። ቲቸር አልዊን ወረቀቱን አንሥቶ አየ፣ ቆመ፣ በዚያ ቃል በቃል ተነጣጥሎ በሚወጣ አነጋገሩ፣ መምህሩ ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ መምህር አይደለህም። ቁጥር ትቸረችራለህ» አለው።

ሶምዮት እንዳይባረር ብዬ ነው ማለት ይችል ነበር። አላለም። ምን ያድርግ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ውጤቱ ገብቶ ነበርና ውሉ ታደሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዓመት ሙሉ ዝም ተባባሉ። ስቴፕለሩን በማስመሪያ እየገፉ ይቀባበሉ ነበር እንጂ በእጅ አይሰጣጡም።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ፀጥ ብሏል። ዛሬ ነርስ የሆኑ ሁለት የድሮ ተማሪዎቹ ለነገው እሳት፣ ከሟቹ ጋር የሚቃጠል አበባ ከቀጭን የእንጨት ልጣጭ ይሠራሉ፤ አክስት ላምዱዋን የማራገቢያዎቹን አቧራ ታራግፋለች። ዊሩት ሰነድ ታቅፈው መጡና ከሶምዮት አጠገብ ቁጭ አሉ። ፊታቸው ገርጥቷል።

«ችግር አለ» አሉ በሹክሹክታ። «ለማቃጠያው ፈቃድ ፋይሉን ስገለብጥ ነው ያገኘሁት። ከአራት ወር በፊት ለሥራ ፈቃዱ የሞላው ነው። እየው፣ የቅርብ ዘመድ በሚለው ላይ የአንተን ስም ጽፏል። ዝምድና በሚለው ላይ ደግሞ ወንድም ይላል።»

ዊሩት ወረቀቱን ዘረጉለት።

«በመንግሥት ሰነድ ላይ የሐሰት መረጃ ነው፤ እኔም ሳላነብ ፈርሜበታለሁ። ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?»

ሶምዮት ወረቀቱን ተቀበላቸው። ከአራት ወር በፊት ማለት ማስመሪያው በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ ነው። አረንጓዴ ቀለም ነው። በእኛው ፊደል፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ተንጋዶ፣ የመጨረሻዋ ፊደል ከቅጹ ክፍት ቦታ ውጭ ወድቃ ተጽፏል። ለአሥራ አንድ ልጆች አንዲት ቁጥር መዋሸት ያቃተው ሰው የጻፈው ነው። ሶምዮት እኩልታ በአንድ እይታ የሚጨርስ ሰው ነው፤ ያቺን አንዲት ቃል ግን ዊሩት መዳፋቸውን ሁለቴ እስኪጠርጉ ድረስ አነበባት።

«ሐሰት አይደለም በሏቸው» አለና ወረቀቱን መለሰላቸው።

ከዚያ ካርቶኑን ከፈተ። ኬኩን በላ፣ የሶያ ወተቱን እስከ ታች መጠጠ፣ ተነሥቶ ወደ አበምኔቱ ክፍል ሄደ። አክስት ላምዱዋን አይታዋለች፤ ግን እንዳላየች ሆና ንጹሕ የሆነውን ማራገቢያ እንደገና ጠረገችው።

በማግስቱ ጠዋት በገዳሙ ጓሮ፣ የውሃ በርሜሉ አጠገብ፣ የመጀመሪያዋን የፀጉር ዘለላ የቆረጠችው እሷ ናት። አንድ መነኩሴ የቀረውን ላጩ፤ እንደ አገራችን ወግ ቅንድቡንም ጨምረው።

«እንቁላል መሰልክ» አለችው።

«ተይ አክስቴ፣ መነኩሴ አይሰደብም።»

«ገና አልመነኮስክም። አሥር ደቂቃ አለኝ።»

አሥሩንም ደቂቃ በደንብ ተጠቀመችበት፤ ስለ ጆሮው ትልቀት፣ ስለ ጭንቅላቱ ጉብታ፣ ሚስቱ ስትደነግጥ ስለምትለው ነገር ተናገረች። መጨረሻ ላይ በመዳፏ ራሱን አንድ ጊዜ ዳበሰችው። ቢጫውን ለብሶ ሲወጣ ግን ሴት አትነካውምና፣ መሬት ላይ ተንበርክካ ሦስት ጊዜ ሰገደችለት፤ ቀና ስትል ፊቷ ርሶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሣጥኑ ወጣ። ማቃጠያውን በግራ በኩል ሦስት ጊዜ መዞር ነው ሥርዓቱ፤ ከዚያ በደረጃው ይወጣል። ሶምዮት በባዶ እግሩ ክሩን ይዞ ከፊት ሄደ። ከኋላው ሣጥኑ፣ ከሣጥኑ ኋላ አክስት ላምዱዋን ፎቶግራፉን ታቅፋ፣ ከእሷ ኋላ የሃያ ሁለት ዓመት ተማሪዎች፤ ነርሶች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አንዲት ፖሊስ። አንድ ዞሩ። ሁለት ዞሩ። በሦስተኛው ዊሩት ድምፅ ማጉያውን አንሥተው ሦስተኛውና የመጨረሻው ዙር መፈጸሙን በታላቅ አክብሮት አስታወቁ፤ ሣጥኑን የያዙትም ወደ ደረጃው ዞር አሉ።

ሶምዮት ደረጃውን አልፎ ሄደ።

ክሩ ተወጠረ። የያዙት ሰዎች ተያዩ፣ ከዚያ ተከተሉት፤ ምን ያድርጉ፣ መነኩሴ አይጎተትም። ሕዝቡም ግራ ተጋብቶ ተከተለ። የሒሳብ መምህር ሦስት መቁጠር አቃተው የሚል ሳቅ የቀላቀለ ሹክሹክታ ከኋላ ተነሣ። ሶምዮት አራተኛውን ዙር ከሌሎቹ ሁሉ በዝግታ ሄደ፤ በየማዕዘኑ፣ በተለይ በሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ቆም ይልና ከኋላው ያለው ሰው እስኪደርስበት እንደሚጠብቅ ሰው ክሩ እስኪላላ ይጠብቅ ነበር። ደረጃው ጋ ሲደርስ ቆመ።

ዊሩት ድምፅ ማጉያውን አጥፍተው፣ እጃቸውን አጣምረው ተጠጉት።

«አባ፣ ሦስት ነው እኮ። አራት ዞርን። ተሳስተው ነው?»

«አልተሳሳትኩም። ቆጥሬያለሁ።»

«ታዲያ አራተኛው ለምንድን ነው?»

ሶምዮት የላላውን ክር ጣቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠቀለለው።

«አልናገርም» አለ።