የታጠበው ሠራዊት

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ተቀመጪ! ሰው ሊያጽናናሽ መጥቶ ጀርባሽን ይይ?» አለቻት ጎረቤቷ።

«እየሰማሁሽ ነው። ሥራ የያዘው እጄ እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

እህትየው የሟች ወንድሟ ጠረጴዛ ፊት ቆማ የአንድ ወታደር ጉልበት በጥርስ ብሩሽ ትፈገፍጋለች። ወታደሩ ከአውራ ጣቷ አይበልጥም፤ ከራስ ቁሩ እስከ እግሩ ጥሩር የለበሰ፣ ከብረት የተሠራ የጥንት ተዋጊ ነው። እንዲህ ያሉ አርባ ነበሩ። ሁሉንም ጭቃ በጭቃ፣ ዝገት በዝገት ሆነው አገኘቻቸው። ባለቤታቸው ሦስት ወር አልጋ ላይ ውሎ፣ ማን ይወልውላቸው? ከራስጌው የተረፈውን አልኮል ሳህን ላይ ገለበጠችና ተያያዘችው። የጋሻዎቹን ደማቅ ቀለም ፈርታ አልነካችም፤ ብረት ብረቱን ብቻ። ሰው ገብቶ «ያጽናሽ» ሲላት «አሜን» እያለች፣ በሁለተኛው ቀን አርባውም እንደ መስታወት አበሩ።

«አሁን ሰው ይያችሁ» አለቻቸው።

ወንድሟ ባትላሜራ ነበር፤ ሰፈሩም «ላሜራ» ይለዋል። የተጋጨ መኪና ቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ለጥፎ፣ ማንም ያልነካው አስመስሎ ይመልሳል። በእረፍት ቀኑ ግን ባለ ሁለት ፀጉር ብሩሽ ይዞ እነዚህ ላይ ያቀረቅራል። አንድ ቀን ሻይ ይዛለት ገብታ «አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬም አሻንጉሊት?» አለችው።

ቀና ሳይል «ሳምንቱን ሙሉ የሰው ጭረት አጠፋለሁ። በእረፍቴ ደግሞ ጭረት እሠራለሁ» አላት። ቀልድ መሰላትና ስቃ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰፈሩ «ዶክተር» የሚለው ፋርማሲስት መጣ። የወንድሟ የጨዋታ ባላንጣ ነው። ሁለቱ ትንንሽ ሠራዊታቸውን ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው፣ ዳይስ እየጣሉ፣ እርምጃውን በሜትር እየለኩ ሃያ ዓመት ተዋግተዋል። ከስምንት ወር ወዲህ ግን ደጁን ረግጦ አያውቅም።

«ምን ፊት ይዞ መጣ?» አለች ከለቀስተኞቹ አንዷ በሹክሹክታ።

«ተዪው፣ እሱም የራሱን ነው የሚያለቅስ።»

ዶክተር ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ደርቆ ቀረ። «እትዬ፣ መቼ ነው እንዲህ ያደረጋቸው?»

«ምን አደረጋቸው?»

«የተጣላንበትን አልነገረሽም? እኔ ጥሩር ማብራት አለበት ባይ ነኝ። እሱ ደግሞ 'ጭቃ ያልነካው ወታደር የትም አልሄደም' ባይ። ጭቃውን፣ ዝገቱን፣ የሰይፍ ጭረቱን እያንዳንዱ ላይ በቀለም ይሠራው ነበር፤ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። በጨዋታው ውድድር ቀን ሰው ፊት 'ይሄ ሠራዊት ነው ወይስ የጋራዥህ ጥራጊ?' አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ሲታመም እንኳ መድኃኒቱን በሰው እጅ ልኬ ራሴ ቀረሁ።» አንዱን አንስቶ በመዳፉ ያዘው። «ለእኔ ብሎ አበራቸው። ይቅር ብሎኛል ማለት ነው፣ እትዬ!»

 ከእህትየው አፍ የወጣው «ይሆናል» የሚል ብቻ ነበር።

ዶክተር ወደ ለቀስተኛው ተመልሶ «ላሜራ ይቅር ብሎኛል» እያለ ተናገረ። «ታድለህ» አሉት። እሷ ግን ነገሩን አወጣች አወረደች። ዝም ብትል ወንድሟ የሁለት ዓመት ልፋቱን በገዛ እጁ እንዳጠፋ ሆኖ ሊቀር ነው። ብትናገር ደግሞ ይሄን ሰው ካገኘው ዕረፍት መልሳ ልታወጣው ነው። ሟች አይከራከር፤ ጠበቃው እሷ ብቻ ናት።

በአራተኛው ቀን ጠረጴዛው ጋ ጠራችውና በሩን ገጠም አደረገች።

«ዶክተር፣ ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። እድፍ መስሎኝ፣ በአልኮል።»

ሰውየው ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «እሱ አይደለም?»

«እሱማ እጁ እየተንቀጠቀጠ ብሩሽ መያዝ ካቃተው ቆየ።»

«እንግዲያ ይቅር ሳይለኝ ነው የሄደው።»

«አላውቅም። ስላንተ ክፉም ደግም ሲናገር አልሰማሁም። ውሸት አልጨምርልህም።»

ተነሳ፤ በሩን ያዘ። ሊሄድ ነው ስትል ተመለሰና ጠረጴዛው ላይ ካሉት የሟቹ ቀለሞች የቡናማውን ክዳን ይከፍት ጀመር።

«አሁንም ጭቃ አልወድም» አለ። «ግን እንዲህ አልተዋቸውም። ችግሩ፣ እንዴት እንደነበሩ ማን ያውቃል? ፎቶ እንኳ አላነሳቸውም።»

እህትየው የመጀመሪያውን ወታደር አንስታ ወደ መስኮቱ አዞረችው።

«እኔ አውቃለሁ፤ የፈገፈግሁት እኔ አይደለሁ? ይሄ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነው። በግራ እግሩ ግን እስከ ጭኑ ይወጣል፤ አንሸራትቶት ወድቆ የተነሳ ይመስል ነበር። ዝገቱ ደግሞ እዚህ፣ ከብብቱ ሥር ነው። አልለቅ ብሎኝ ስንት ታገልኩት።»

ቦታውን በጥፍሯ ያዘችለት። ብሩሹ ሲደርስም ጣቷን አላነሳችም፤ ቡናማው ቀለም ጥፍሯንም ጨምሮ አለፈ።