ከቀጋው በላይ

እኔ ዋሴ፣ በሰቆጣ ዙሪያ የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። ዛፍ አውቃለሁ ባይም ነኝ። ለእኔ ዛፍ ማለት ጥድ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ፣ ቀጥ ያለ፣ ለቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚመጥን። ቀጋ ግን ጥቂት ሳምንት ነጭ አበባ ያወጣና የቀረውን ጊዜ በእሾሁ የምእመኑን ነጠላ ሲይዝ ይከርማል።

ለንግሥ ግቢውን ስናጸዳ በምሥራቁ በር ያለው ትልቁ ቀጋ ይቆረጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ወለተ ሰንበት የሚባሉ አሮጊት መጥተው ተው አሉን። ልጃቸው መልአኩ ከአራት ዓመት በፊት ወደ ሳውዲ ሲሄድ ቀጋው መካከል የጥድ ችግኝ ተክሏል። «ጥዱ ከቀጋው በላይ ሲታይ እመጣለሁ» ብሏቸው ነበር፤ እሳቸውም በየሰንበቱ ቁመቱን እያዩ ነው የኖሩት። እሾሁን ገለጥ ስናደርግ እውነትም ጉልበት የሚደርስ ጥድ ቆሟል። ደስ አለን። ቀጋውን ከሥሩ ቆርጠን ለጥዱ ዙሪያውን ድንጋይ ካብንለት።

«ይኸው፣ ከቀጋው በላይ ታየልዎት» አልኳቸው።

አልሳቁም። ያሳደገው እሾሁ ነው ብለውኝ ሄዱ።

ጥዱ ጥላ ስላጣ ፀሐዩን አልቻለውም። ጫፉ ቀላ፣ ከዚያ ሁሉም ደረቀ። በየማለዳው ውሃ ባፈስለትም አልሆነም። አፈርኩ፤ ሁለት ሳምንት በሌላው በር ገባሁ።

በየካቲት አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ መልአኩ ደወለ። እናቱ ጥቂት አወሩና ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝ።

«ስለ ጥዱ ጠየቀኝ። አንተው ንገረው።»

ቀጋውን እንዳስቆረጥኩ፣ ጥዱም እንደደረቀ ሳልሸፋፍን ነገርኩት። 

«ቀጋውስ?» አለ።

ዞር ብዬ አየሁ። ከጉቶው ክንድ የሚያህል ለምለም ቀንበጥ ወጥቷል። ጥድ ከጉቶው ተመልሶ አያውቅም፤ ይህን ድሮም አውቅ ነበር።

«አቆጥቁጧል።»

«እንግዲያው አትንኩት» አለና ዘጋው።

ወለተ ሰንበት ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ቀጋውን አትንኩ እንዳለ ነገርኳቸው።

«ሊመጣ ነዋ» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

እመጣለሁ አላለም። እኔም አላረምኳቸውም። በማግሥቱ ካቡን አስፍቼ ቀጋውን ከተትኩበት።