ዘይት የማትበላዋ መኪና

ከኋላው የቆመው ቀይ አውቶቡስ ክላክሱን ለቀቀበት። ሰይፈሥላሴ ማስነሻውን ደግሞ ተጫነ። መኪናዋ አንዴ አቃሰተችና ዝም አለች። የለንደኑ የኪልበርን አውራ ጎዳና በጠዋቱ የሥራ መግቢያ ሰዓት እንኳን ለመቆም ለማዝገምም አይመችም።

“ችግር አለ?” አለችው ከኋላ የተቀመጠችው ተሳፋሪ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

“ትንሽ ነገር ነው፤ አሁን ትነሳለች።”

አልተነሳችም። ከኮፈኑ ጠርዝ ቀጭን ጭስ መውጣት ሲጀምር ሴትዮዋ ጭሱን አየች፣ ሰይፈሥላሴን አየች፣ ከዚያ በሩን ከፍታ ወረደችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ በእግሯ መንገዷን ቀጠለች። እሱ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ። የተቃጠለ ዘይት ሸተተው። ይህን ሽታ በደንብ ያውቀዋል፤ ከሱ በቀር ማንም እንዳያሸተው ሲጠነቀቅ የኖረ ሰው ነው።

ሰይፈሥላሴን በለንደን ሐበሻ ዘንድ በሙሉ ስሙ የሚያውቀው የለም። “ሰይፉ ኮሪያ” ነው የሚባለው። ስሙ የወጣለት ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሚኒካብ፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ፣ ሊሠራባት የገዛትን የመጀመሪያዋን የኮሪያ መኪና ይዞ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ዕለት ነው። ያኔ የሐበሻ ሹፌር ከጃፓን መኪና ሌላ መኪና አለ ብሎ አያምንም ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ከበው ሳቁበት። አንዱ “በባትሪ ድንጋይ ነው የምትሄደው?” አለው። ሌላው ጎማዋን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ “ለልጅህ መጫወቻ ነው የገዛኸው?” ሲል ጠየቀው።

ሰይፈሥላሴ ግን የራሱ ምክንያት ነበረው። አባቱ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። እሳቸው ያዩት አገር የፍርስራሽ ክምር ነበር፤ በብርድ የሚንቀጠቀጡ ሕፃናት የወታደር ቆርቆሮ ምግብ ሲለምኑ ያዩትን እስከ እርጅናቸው ድረስ ሲያወሩ ኖረዋል። ልጃቸው የዚያን አገር መኪና ለንደን ላይ መግዛቱን በስልክ ሲነግራቸው ሽማግሌው “እነዚያ ልጆች ናቸው የሠሯት?” አሉ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ኮሪያ መኪና ክፉ የሚናገር ሰው ሁሉ ለሰይፈሥላሴ አባቱን የተሳደበ ያህል ነው።

የኮሪያው መኪና ኩባንያ እያደገ ሲሄድ እሱም አብሮ ያደገ መሰለው። በነዳጅ ብቻ የምትሄደው ቀርታ በባትሪም የምትታገዘዋ መጣች፣ ቀጥላ ኤሌክትሪኳ መጣች፤ ዋይት ሲቲ ያለው የገበያ ማዕከል ውስጥ እንደ ሙሽራ መብራት ተደርጎላት ቆማ ሲያያት ፎቶ አንስቶ ለሹፌሮቹ ሁሉ ላከ። የሳቁበት ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ “ሰይፉ፣ እንዴት ናት?” ይሉት ጀመር። “እንደ ሰዓት ናት” ይላል እሱ። ዛሬ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ከሚቆሙት መኪኖች ግማሾቹ የኮሪያ ናቸው። ባለቤቶቹም ያወራሉ፤ ነዳጅ ትቆጥባለች የሚል አለ፣ ወንበሯ ወገብ ጨረሰኝ የሚል አለ፣ ብሬኳ ይጮሃል የሚል አለ። ሰይፈሥላሴ ለያንዳንዱ መልስ አለው። ኩባንያው ደሞዝ ቢቆርጥለት እንኳ ከዚህ በላይ አይከራከርለትም።

አሁን የያዛት የራሱ መኪና የሞተር ዘይት መብላት ስትጀምር ግን መልስ አጣ። ዋስትናዋ፣ ኩባንያው በነፃ የሚጠግንበት ዋራንቲ፣ ገና አላለቀም ነበር። ለንደን ያለው የኩባንያው ጥገና ክፍል ጋ ቢወስዳት ያዩለት ነበር። ነገር ግን እዚያ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ አንድ ሐበሻ አይጠፋም፤ ሰይፉ ኮሪያ አቤቱታ ይዞ ተሰልፎ ከታየ ወሬው እሱ ቤቱ ሳይገባ ሰፈሩን ዊልስደንን ያዳርሳል። ስለዚህ ዘይት በጀሪካን እየገዛ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ብርድ ልብስ አልብሶ ደበቀ። ሰው የማያውቀው የጎን መንገድ ፈልጎ፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ኮፈን ከፍቶ ይጨምራል። ሚስቱ ጌጤነሽ እንኳ አላወቀችም። እንዲህ እንዲህ ሲል ዋስትናው የሚጸናበት ማይል ሞላና አበቃ።

ባለፈው ፋሲካ ዓባይ፣ በሱ ምክር ያችኑ ዓይነት መኪና የገዛው ወጣት ሹፌር፣ ሰው በተሰበሰበበት ጠጋ ብሎ “ጋሼ፣ የእርስዎ ዘይት ትበላለች እንዴ?” ብሎት ነበር። ሰይፈሥላሴ ድምፁን ከፍ አድርጎ “መኪናዋ አትበላም፤ የሚበላው ሹፌሩ ነው!” አለ። ሁሉም ሳቀ። ዓባይም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ አልጠየቀም።

ትናንት እሑድ የዘይቱ መብራት ሲበራ መጨመር ነበረበት። ግን ሹፌሮቹ ከበውት ቆመው ነበር፤ እነሱ ፊት ኮፈን አልከፍትም አለ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ተሳፋሪዋ ስትጠራው አንድ ጉዞ ብቻ ሠርቼ እጨምራለሁ ብሎ ወጣ።

የተበላሸ መኪና የሚያነሳው ሪከቨሪ መኪናዋን ጎትቶ ዊልስደን፣ በባቡር ድልድዩ ሥር ካለው የሬድዋን ጋራዥ አደረሳት። ሬድዋን የዱሮ ወዳጁ ነው፤ ለንደን የገቡትም በአንድ ሰሞን ነው። የዘይት መለኪያውን አውጥቶ አየው፣ በጨርቅ ጠርጎ ከተተው፣ መልሶ አወጣው።

“ጠብታ የለም፣ ሰይፉ። ሞተሩ በድርቀት ነክሶ ተጣብቋል።”

“ፈታ አድርገህ እየው እስቲ።”

“ምኑን ነው የምፈታው? ይቺ ሌላ ሞተር ነው የምትፈልገው። ከመቼ ጀምሮ ነው ዘይት የምትበላው?”

“ቆይታለች።”

“ዋራንቲ እያለ ጀምሮ?”

ሰይፈሥላሴ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሬድዋን ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

“አንተ ሰውዬ! በነፃ ይቀይሩልህ ነበር እኮ! የማንም ፋብሪካ መኪና ይሁን፣ ከብዙ አንዷ እንዲህ ሆና ትወጣለች። ዋራንቲ የሚሰጡህ ለዚህ አይደል? ለምን አልወሰድካትም?”

“ሰው ምን ይላል?” አለ ሰይፈሥላሴ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

ሬድዋን ሊስቅ ነበር፤ ፊቱን ሲያይ ተወው።

ሰይፈሥላሴ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። በላዩ ባቡር ሲያልፍ ድልድዩ ይንቀጠቀጣል። ተስፋ ቆረጠ። ሌላ መኪና የሚገዛበት አቅም የለውም፤ ሌላ ሥራም አያውቅም። ጌጤነሽ እንክብካቤ የምታደርግላቸውን አሮጊት ስታነሳ ወገቧን ተጎድታ ከሥራ ከቀረች ከርማለች፤ ቤቱ የቆመው በዚህች መኪና ነው። አባቱ ይህን ሳያዩ መሞታቸው ጥሩ ሆነ ብሎ አሰበና በገዛ ሐሳቡ ደነገጠ። ስልኩ ጮኸ፤ ጌጤነሽ ናት።

“ምሳ ትመጣለህ?”

“እንጃ። ጎማ ተንፍሶብኝ ሬድዋን ጋ ነኝ።”

“ድምፅህ ምን ሆኗል?”

“ምንም። ባቡሩ ነው።”

ስልኩን ሲዘጋ ሬድዋን አጠገቡ ቆሟል።

“ስማኝ። ዓባይ ማታ ማታ አይሠራም፤ ሚስቱ ፀደንያ ከወለደች ወዲህ በጊዜ ነው የሚገባው። መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ደጅ ቆሞ ነው የሚያድረው። እሱ ቀን፣ አንተ ማታ ብትነዱትስ? ስንት ሐበሻ እንደዚያ እየሠራ አይደል?”

ሰይፈሥላሴ ለመጠየቅ አፈረ። ግን ከማፈር የባሰ ነገር ቤቱ ይጠብቀዋል፤ ደወለ። ትንሽ ብልሽት ነው፣ ጥቂት ቀን ያቆዩብኛል አለው። ዓባይ ጨርሶ እንኳ አላስጨረሰውም።

“ጋሼ፣ ይሄ ይጠየቃል? ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይውሰዷት። አሁኑኑ መጣሁ።”

እውነትም ብዙ አልቆየም። ፊቱ በእንቅልፍ እጦት ያበጠ፣ ሹራቡ ትከሻ ላይ የሕፃን ወተት የደረቀበት ዓባይ ከመኪናው ወርዶ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠው።

“ኢንሹራንሱ ላይ ስምዎን ጨምሬ አድ አደርጋለሁ። እርስዎ ባይኖሩ እኔ ይህን ሥራ ከየት አውቀው ነበር? እስከፈለጉ ድረስ ይሥሩባት።”

“እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ” አለ ሰይፈሥላሴ። ዓይኑ እንባ ሞላ። የአንድ ሌሊት ሥራ፣ ከዚያ የአንድ ሳምንት፤ እስከዚያ አንድ ነገር አይጠፋም። ለጌጤነሽም ምንም መንገር አያስፈልግም። ገብቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና አስነሳት።

ሞተሩ ሲነሳ ቀጠቀጠ። ለሌላ ሰው ጆሮ እዚህ ግባ የሚባል ድምፅ አይደለም፤ ወዲያው ይጠፋል። ሰይፈሥላሴ ግን ለየው። የሱም መኪና የጀመረችው እንዲሁ ነበር። ማይሉን አየ። ዋስትናው የሚያልቅበት ማይል ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ እሱ ማታ፣ ዓባይ ቀን ከነዷት ሳምንትም አይቆይም። መኪናዋን አጠፋት።

“ዓባይ፣ እንዴት ናት?”

“እንደ ሰዓት ናት፣ ጋሼ።”

“ዘይትስ?”

ልጁ ጫማውን አየ። “አትበላም። የሚበላው ሹፌሩ ነው” አለና ሊስቅ ሞከረ።

ሰይፈሥላሴ ወርዶ ወደ ኋላ ዞረና የዕቃ መጫኛውን ከፈተው። የሕፃን ጋሪ ታጥፎ ተቀምጧል። ከጋሪው ሥር ብርድ ልብስ አለ። ብርድ ልብሱን ገለጠው። ሁለት የዘይት ጀሪካን፣ አንዱ ተጋምሷል፤ እሱ ከሚገዛው ጋር አንድ ዓይነት ነው። መልሶ አለበሰውና ክዳኑን ዘጋው።

ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ዛሬ ማታ ሥራ ይወጣል፤ ነገ ቤቱ እንጀራ ይገባል። ማይሉ ይሞላል፣ ማን እንደሞላው ማን ይጠይቃል? ተናግሮ መኪናዋ ኩባንያው ጋ ከገባች ግን ስንት ጊዜ እንደምትቆይ አይታወቅም፤ ቀንም ማታም የለም። ቁልፉን በመዳፉ ጨብጦ ቆመ። ዓባይ የሆነ ነገር ያጠፋ ይመስል ትከሻውን ሰብስቦ ያየዋል፤ ይህን አስተያየት ያስተማረው ሰይፈሥላሴ ራሱ ነው። አመመው።

“የኔ ሞተር አልቋል፣ ዓባይ” አለ። “ትንሽ ብልሽት አይደለም፤ የሚጠገን አይደለም። ዘይት ስትበላብኝ ከርማ ነው። ፋሲካ ዕለት ስትጠይቀኝም ትበላ ነበር።”

ዓባይ ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ቀላ።

“እኔ እኮ… እኔ የራሴ ጥፋት መስሎኝ ነበር፣ ጋሼ። ሲሪየስሊ፣ የምሬን ነው! አነዳዴ ነው ብዬ በፍጥነት መንገድ መሄድ ሁሉ ትቻለሁ። ለፀደንያ እንኳ አልነገርኳትም። ሰው ፊት አሳቁብኝ እኮ!”

“አሳቅሁብህ። አውቄ ነው ያሳቅሁብህ።”

ልጁ ፊቱን አዞረ። ሬድዋን መፍቻውን እንደያዘ ከውስጥ እያያቸው ነበር። ባቡር አለፈ።

“ዛሬውኑ ኩባንያው ጋ ውሰዳት” አለ ሰይፈሥላሴ። “ዋራንቲው ሳያልቅ።”

“ያቆዩዋታል። እኔ እሺ፣ ሌላ መኪና ተከራይቼ እሠራለሁ።” ዓባይ እንደተቆጣ ነው የሚናገረው፤ ግን መጠየቁን አልተወም። “እርስዎስ? ማታስ?”

ሰይፈሥላሴ ሬድዋንን በእጁ ጠራው። ሬድዋን መጥቶ ኮፈኑን ከፈተ፣ መለኪያውን አይቶ “ያለው ዘይት እዚያ ድረስ በደንብ ያደርሳታል” ብሎ ዘጋው። ሰይፈሥላሴ የኋላውን ክዳን ከፍቶ ጀሪካኖቹን አወጣ። ዓባይ ሊቀበለው እጁን ዘረጋ።

“ተወው፣ እኔ ጋ ይቀመጥ። ምንም እንዳትጨምርባት፤ እንዳለች ይዩዋት።” ቁልፉን የልጁ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። “እዚያ የሚያውቁን ልጆች አይጠፉም። ምን ሆነህ መጣህ ካሉህ ዘይት ትበላለች በላቸው። የሰይፉም ትበላ ነበር በላቸው።”

ጀሪካኖቹን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደ።