ማንንም የማይመስል ኮፍያ

እትዬ መርፌ የቴአትር ቤቱን ልብስ ሲሰፉ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በነዚህ ዓመታት ንጉሥም ሌባም አልብሰዋል፤ እሳቸው እንደሚሉት የሁለቱም ልክ አንድ ነው፣ የሚለየው ጨርቁ ብቻ። መርፌ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላቸው ተዋናዮቹ ናቸው። ከእጃቸው የማይለየውን መርፌ አይተው ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ እሱ ገና ምላሳቸውን አልቀመሰም።

የዘንድሮው ቴአትር ከሌላው ሁሉ ይለይባቸው ነበር። የጻፈችው እጃቸው ላይ ያደገች የእህታቸው ልጅ ናት። ልጅቷ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጽፍና ስትቀድ ከርማ፣ በስንት መከራ ሥራዋ መድረክ ሊወጣ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ሰው ከጸሎት ቤት ሲወጣ ጫማውን ያጣዋል። ደጃፉ ላይ በካልሲው ቆሞ ስለ ሌብነት ነውርነት ሕዝቡን ሲገሥጽ፣ የለበሰው ካፖርት የጎረቤቱ፣ የያዘው ዣንጥላ የዘመዱ፣ ያጠለቀው ቀለበት የአማቹ መሆኑ አንድ በአንድ ይወጣል።

እትዬ መርፌ ለዚህ ሰውዬ ኮፍያ ሠሩለት። ከአሮጌ መጋረጃ የተሰፋ፣ እንደ ድስት ክዳን የተነፋ፣ አናቱ ላይ የዶሮ ላባ የተሰካበት ቀይ ኮፍያ። እንዲህ ያለውን አድርጎ መንገድ የወጣ ሰው እስካሁን አልተፈጠረም። የእህታቸው ልጅ ገና ስታየው በሳቅ ፍርስ አለች።

ዳይሬክተሩ ግን አልሳቀም። ንግግሩን ሁሉ «ግን» ብሎ ስለሚጀምር፣ ከጀርባው «ጋሽ ግን» ነው የሚሉት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ድንጉጥ ነው እንጂ። በወጣትነቱ አንድ ቴአትር በአንድ ዐረፍተ ነገር ምክንያት ተዘግቶበት ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህ የገዛ ጥላውንም አያምንም።

«ግን እትዬ፣ ቀይ እኮ ነው» አለ። «የፓርቲ ቀለም ነው ቢሉንስ?»

«ላባውስ የየትኛው ፓርቲ ነው?»

«ኧረ አይቀልዱብኝ፣ ሰው ይሰማል!»

ቀዩ ቀረ። ነጭ ሰፉ፤ ጸሎት ቤት ደጃፍ ነጭ ካደረገማ የሃይማኖት አባት ሊመስል ነው ተባለ። ጥቁር ሰፉ፤ እሱ ደግሞ የሌላ እምነት አባት ሊመስል ነው። ክብ ቆብ አመጡ፤ ምእመናን ሊቀየሙ ነው። ባለ ጥላ ኮፍያ አመጡ፤ ወታደር ሊሆን ነው። የሹራቡ ወጣቶችን ሰደበ፣ የገለባው ገበሬን ናቀ። እትዬ መርፌ በስምንተኛው ቀን ብሽቅ ብለው የግንበኛ ሄልሜት ይዘው ቢመጡ፣ ጋሽ ግን ስለ ግንበኞች ማኅበር ማሰብ ጀመረ።

በመጨረሻ ፊቱ በራ። «ግን ለምን ባዶ ራሱን አይሆንም? ባዶ ራስ ማንን ያስቀይማል?»

ወዲያው ስምንቱንም ሳጥን ውስጥ ከቶ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ጨመረው። መሪ ተዋናዩ ራሰ በራ ነው። የመድረኩ መብራት ሲያርፍበት አናቱ እንደ ታጠበ ሳህን ያበራል።

«አክስቴ፣ ያለ ኮፍያው ሰውየው ሰውየው አይደለም» አለች ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች።

«ይሁን የኔ ልጅ። ዋናው መድረክ መውጣቱ ነው» አሏት እትዬ መርፌ። ይህን ብለው ግን ራሳቸውን ታዘቡ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ክሩ ለተላቀቀ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ «ይሁን» ብለው አያውቁም ነበር።

የመጀመሪያው ትርኢት እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆነ። የባህል ቢሮው ኃላፊ ተጋብዘዋል። ቴአትሩ ይቀጥል ወይም ይዘጋ ብለው የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ኃላፊው በግራጫ ባርኔጣቸው ነው የሚታወቁት፤ በጋዜጣም በሉት በቴሌቪዥን ያለ እሱ ያያቸው የለም። ቴአትር ቤቱ ደግሞ የቆየ ደንብ አለው። ከኋላ የተቀመጠው እንዳይጋረድበት፣ ማንም ሰው ኮፍያውን በር ላይ አስረክቦ ነው የሚገባው። ተዋናዮቹን አልብሰው ሲጨርሱ በሩ ላይ ቆመው የሚረከቡት እትዬ መርፌ ናቸው።

«ባርኔጣዎን ክቡርነትዎ፣ ደንብ ነው» አሉ እጃቸውን ዘርግተው።

ኃላፊው ትንሽ አመነቱና አውልቀው ሰጡ። እትዬ መርፌ ቀና ብለው ሲያዩ ክው አሉ። የታጠበ ሳህን! ከጆሮ እስከ ጆሮ አንዲት ፀጉር የለችም።

ኃላፊው ገብተው የፊት ረድፍ ላይ ሲቀመጡ፣ እትዬ መርፌ እግሬ አውጪኝ ብለው ወደ መድረኩ ጀርባ ሮጡ። ሳጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ጋሽ ግን ኪስ ውስጥ ነው፣ ጋሽ ግን ያለው ኃላፊው ጎን ነው። ተዋናዩ አናቱን እያበራ መጋረጃው እስኪገለጥ ይጠብቃል። የልጅቷ የሦስት ዓመት ልፋት በአንድ ራሰ በራ ምክንያት ገደል ሊገባ ነው። እትዬ መርፌ አላሰቡም፤ እጃቸው ላይ የነበረውን ባርኔጣ ተዋናዩ ራስ ላይ ደፉት። ልኩ ሆነ። ምን እንደሠሩ የገባቸው መጋረጃው ከተገለጠ በኋላ ነው።

አዳራሹ ባርኔጣውን ሲያይ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ ጸጥ አለ። ምንም የማያውቀው ተዋናይ በካልሲው ወደ ፊት መጥቶ፣ ልክ ኃላፊው ፊት ቆመና ጮኸ።

«ወገኖቼ! የሰው ንብረት የሚያከብር ጠፋ! ጫማዬን ማነው የወሰደው?»

ኃላፊው ብድግ አሉ። «ጫማህን አላውቅም፤ ባርኔጣዬን የወሰድከው ግን አንተ ነህ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኃላፊው የተነሡት ከልባቸው ተቆጥተው ነበር። ግራ ቀኙን ሲያዩ ግን ሰው ሁሉ ወደሳቸው ዞሮ ያጨበጭባል። በሕይወታቸው ብዙ ተጨብጭቦላቸዋል፤ ሳይታዘዝ የተጨበጨበላቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከንፈራቸው አልታዘዝ ብሎ ፈገግ አለ፤ ትርኢቱ እስኪያልቅም ዓይናቸውን ሲጠርጉ ነበር።

ሲያልቅ ወደ ልብስ ክፍሉ መጡ። «ይህን ያደረገው ማነው?»

«ግን... ግን...» አለ ጋሽ ግን።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ መርፌ። «ልጅቷ የምታውቀው ነገር የለም።»

«ለምን?»

እትዬ መርፌ መፍራት ሰልችቷቸው ነበር። «ፈርተን ነዋ! ስምንት ኮፍያ አቀረብኩ፣ ለስምንቱም የሚቀየም ሰው ተገኘለት። ሁሉንም ብንተው ደግሞ የእርስዎ አናት ሆኖ ቁጭ አለ። እሱን እሸፍናለሁ ስል ይኸው ባርኔጣዎን ጫንኩበት።»

ኃላፊው አገጫቸውን አሹ። «ባትፈሩ ኖሮ ምን ኮፍያ ያደርግ ነበር ሰውየው?»

ልጅቷ ለጋሽ ግን እጇን ዘረጋች፤ ቁልፉን ሰጣት። ቀዩን ኮፍያ አውጥታ ለኃላፊው አቀበለች። እሳቸውም አገላበጡት፣ ላባውን ነካ አደረጉት።

«ይህን አይቶ እኔን የሚያስታውስ ሰው ይኖር ነበር?»

«ማንም» አለች። «የጻፍኩት ስለ እርስዎ አይደለም። እርስዎን መድረክ ላይ ያወጣዎት ፍርሃታችን ነው።»

«ይህን ያህል የምፈራ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር» አሉ ኃላፊው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እውነትም ከፍቷቸው ነበር። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አውጥተው የሳጥኑ ክዳን ላይ ፈቃዱን ፈረሙ።

«ግን ክቡርነትዎ፣ ቀይ እኮ ነው» አለ ጋሽ ግን።

ሁሉም ባንድ ላይ ዞረው አዩት።

በሚቀጥለው እሑድ ትኬት ገዝተው ከተሰለፉት መሀል ኃላፊው ነበሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሳይጠየቁ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የዛሬው ሰውዬ ኮፍያ አለው?»

«ባለ ላባውን ነው ያደረገው» አሉ እትዬ መርፌ።

«እንግዲያው የእኔን መስቀያው ላይ ያድርጉልኝ።»

ጥቂት ሄድ አሉና ተመልሰው መጡ። ወደ እትዬ መርፌ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «ባለ ላባው ድንገት ከጠፋባችሁ ግን የእኔን ውሰዱት» አሉ። «የምናገረውን አጥንቼ ነው የመጣሁት።»