የኤርሳዶ ሠላሳ አራት ቀን

ከሾላ ገበያ በታች ያለው እድራችን ስልሳ አንድ አባወራ ነበረው። ሃያ ስድስቱ የላይ ሰፈር፣ ሃያ አምስቱ የታች ሰፈር፤ የቀሩትን አሥሩን የሚቆጥራቸው የለም። ስድስቱ ከሐዲያ የመጡት እነ ኤርሳዶ፣ አራቱ ከትግራይ የመጡት እነ ሐዱሽ ናቸው። ጸሐፊው እኔ ነኝ።

በ1974 የእድሩ ዳኛ ሞቱ። ላይ ሰፈር አቶ ጉግሳን፣ ታች ሰፈር አቶ ገብረሰንበትን አቀረበ። በደንባችን አንድ ሰፈር በሙሉ የተቃወመው ሰው ዳኛ አይሆንም፤ ሦስት እሑድ ተጯጯህን።

ኤርሳዶ ግን ሌላ ጭንቅ ነበረበት። እናቱን ከገጠር አምጥቶ ያስታምማል፤ በደንባችን ደግሞ ከገጠር ለመጣ ወላጅ ድንኳን አይወጣም።

«አቶ ገብረወልድ፣ እናቴን እንደ ሌባ ተደብቄ ልቅበር?» አለኝ።

ቦሌ የአንድ ስዊድናዊ ዘበኛ ነበርኩ። ሲሄድ የአገሩን ታሪክ መጽሐፍ ተወልኝ፤ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ማንበቡ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ያነበብኩትን ነገርኩት፦ በፈረንጅ 1926 ሁለት ትንንሽ ፓርቲዎች፣ ከሁለት መቶ ሠላሳ ወንበር ሠላሳ ምናምኑን ይዘው፣ አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ እየተደገፉ ሁለት ዓመት ገዙ።

«ሌሎቹ ዝም አሏቸው?»

«እርስ በርስ ከመተያየት እነሱን ማየት ቀለላቸው።»

በአራተኛው እሑድ ኤርሳዶ ለዳኝነት፣ ሐዱሽ ለምክትልነት አንድ ላይ ቀረቡ። ወይዘሮ ዘርፌ ከላይ ሰፈር ሳቀች። «አሥር ሰው ሃምሳ አንዱን ሊመራ? ቁንጫ በሬ ልትጠምድ!»

ስዊድንን ጠቅሼ ስከራከር የቀበሌው ታዛቢ ጓድ ሽፈራው ብዕሩን አነሳ።

«ስዊድን ከማን ወገን ናት?»

«ዱቄት ትልካለች ጓድ።»

«በእርዳታ?»

«በእርዳታ።»

«ይቀጥል።»

ላይ ሰፈር ገብረሰንበት እንዳይሾም፣ ታች ሰፈር ጉግሳ እንዳይሾም ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። አሥር ድጋፍ፣ ተቃውሞ የለም። ኤርሳዶ ዳኛ ሆነ።

በመጀመሪያው ስብሰባ የለቅሶ ጡሩምባ ከላይ ሰፈር ጀምሮ እንዲነፋ በላይ ሰፈር ድምፅ አስወሰነ። ታች ሰፈር ተቆጣ። በሁለተኛው ደግሞ አባል ቤት ለሚኖር የገጠር ወላጅ ድንኳን እንዲወጣ በታች ሰፈር ድምፅ አስወሰነ፤ ሠላሳ አምስት ለሃያ ስድስት። ጻፍኩት፣ ቀበሌው ማህተም መታበት። አሁን ላይ ሰፈርም ተቆጣ።

በሠላሳ አራተኛው ቀን ሁለቱ ሰፈሮች በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ኤርሳዶ ይውረድ። አቶ ጉግሳ ዳኛ፣ አቶ ገብረሰንበት ምክትል ሆኑ።

ኤርሳዶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ደንቡስ?»

አቶ ጉግሳ መዝገቡን ገልጠው ብዙ አዩት። «ማህተም አለበት፤ ምን አደርገዋለሁ» አሉ።

በሳምንቱ ሐሙስ እናትየው አረፉ። ጡሩምባው ከላይ ሰፈር ጀምሮ ተነፋ፣ ድንኳኑ ኤርሳዶ ደጅ ተተከለ፤ አንዱን ምሰሶ የያዙት አቶ ጉግሳ ራሳቸው ነበሩ። ኤርሳዶ አንገቱን ቀና አድርጎ ለቀስተኛ ይቀበላል።

ከገበያ የሚመለስ መንገደኛ የሕዝቡን ብዛት አይቶ ቆመ። «የማን ለቅሶ ነው?»

«የዳኛችን እናት ናቸው» አለችው ወይዘሮ ዘርፌ፣ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች።

ማንም አላረማትም።