በሻይ የተዋጠ ክኒን

ክኒኑን ሻይ ነው የበላው፣ ሻይ ነው፣ ደግሞ ስኳር የበዛበት፣ ፅገ ትሮጣለች፣ እግሯ ግን የሷ አይደለም፣ ጭቃ የረገጠ ይመስል እየከበደ ይነሳል፣ ከፊቷ ሁለት ልጆች አሉ፣ የሚመረጡት ሁለት ናቸው፣ የተመረጠ ናይሮቢ ሄዶ ይሠለጥናል፣ ያልተመረጠ ወደ ስደተኛ መጠለያው ድንኳን ይመለሳል። የገዳሪፍ አቧራ ጉሮሮዋን ሞልቶታል። ሳንባዋ ይስባል፣ የሳበችው አየር የት እንደሚገባ እንጃ።

ብረት ይሉ ነበር አሰልጣኟ ጋሽ ይታያል፣ የጎንደሩ ሰው፣ ተሰደውም ጭቅጭቅ ያልተዋቸው፣ ስሚኝ ልጄ፣ አየር የሚሄደው በደም ነው፣ ብረት የሌለው ደም ባዶውን የሚመላለስ ጋሪ ነው፣ ሴት ሯጭ ደግሞ በወሩም በላቡም ታፈሰዋለች፣ ሥጋ ብዪ። ሥጋ። ማሽላና ምስር ለሚሰፈርላት ሥጋ ብዪ፣ ቀልደኛ ናቸው። ካልሆነ ክኒኑን ፈልጊ አሉ። ክሊኒኩ ክኒኑን የሚሰጠው ለነፍሰ ጡር ነው፣ ነፍሰ ጡሯ ደግሞ እዚያው ድንኳን ውስጥ ነበረች፣ ታላቅ እህቷ ኣሪያም፣ ባሏ ድንበሩ ጋ ወደ ፋሽጋ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ወሬው የጠፋባት። ውሰጂ አለቻት፣ እኔ ተቀምጬ ነው የምውለው፣ የምትሮጪው አንቺ ነሽ፣ ላንቺ ካለፈልሽ ለሁላችንም ያልፍልናል። ወሰደች። አንድ ቀን እንኳ ተዪው፣ ለልጅሽ ይሁን አላለቻትም፣ አላለቻትም እኮ።

ትከሻሽን ልቀቂው፣ ይላሉ ጋሽ ይታያል ከሜዳው ዳር እጃቸውን እያወናጨፉ።

የመጠለያው ውኃ ክሎሪን ክሎሪን ይላል፣ በሱ ክኒን የሚውጥ የለም፣ ሰዉ ሁሉ መድኃኒቱን በሻይ ነው የሚውጠው፣ ሻይ ሻጯ ሂያም ከልምምድ ስትመለስ ስታያት ተዓሊ ያ ቢት፣ ነይ አንቺ ልጅ፣ ብላ ትጠራትና ብርጭቆውን ትሞላላታለች፣ ፅገም ክኒኗን ጣል፣ ሻይዋን ፉት። ይጥም ነበር።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ኣሪያምን ምጥ ያዛት። ነርሷ ሳና የዓይኗን ሽፋን ገልብጣ አየች፣ ነጭ ነው፣ ክኒኑን አልወሰድሽም እንዴ፣ ወስጃለሁ አለች ኣሪያም፣ ዓይኗን ፅገ ላይ ተክላ፣ ዝም በይ ማለቷ ነው፣ ፅገ ግን አልቻለችም፣ እኔ ነኝ የዋጥኩት አለች። ሳና አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻል ነበር፣ የሷንም ሽፋን ገለበጠችው። አንቺም ነጭ ነሽ፣ በምንድን ነው የምትውጪው። በሻይ። ሻይ ብረቱን አስሮ ይይዘዋል፣ ወደ ደምሽ እንዲገባ አይፈቅድም፣ ከሻይ አርቀሽ ነበር መዋጥ፣ አለች ቀስ ብላ። አለቀ። ያቺ አልዋጠችው፣ ይቺን አልጠቀማት፣ መሬት ላይ ቢደፉት ምን ልዩነት ነበረው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ ጣይዋ ግን እሷ፣ ብብቱ የእህቷ።

ልቅር አለች። ኣሪያም የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ፣ ሂጂ፣ ከቀረሽማ ለምን ሰጠሁሽ፣ ሂጂ። ሳና በሩ ላይ ይዛት በጆሮዋ፣ ደም ከፈሰሳት የምተካላት ደም የለኝም፣ እወቂው። አወቀችው። አውቃም ሯጮቹን ወደ ሜዳው የሚወስደው ፒክአፕ ላይ ወጣች።

ሦስተኛዋን ልጅ፣ አይ፣ ሁለተኛዋን፣ አለፈቻት፣ በምን ጉልበት እንደሆነ እንጃ፣ ዓይኗ ፊት ጥቁር ነጠብጣብ ይዋኛል፣ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይደልቃል፣ ናይሮቢ፣ ኣሪያምዬ ናይሮቢ፣ ሕፃኑን እዚያ እናሳድገዋለን፣ ጋሽ ይታያል ስልክ ጆሯቸው ላይ ነው። ሩጫ እያለ ስልክ የማያነሱት ሰውዬ። የመጨረሻው ዙር። ስልኩ ወርዷል፣ ትከሻሽን አይሏትም፣ በርቺ አይሏትም፣ ቆባቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘውታል፣ ሙቀቱ ይሆናል፣ ግን በዚህ ፀሐይ ቆብ የሚያወልቅ ማነው።

መስመሩን አለፈች። ሁለተኛ። ሰው ያጨበጭባል፣ ጋሽ ይታያል እጃቸውን ዘርግተው እየመጡ ነው፣ ልጄ፣ ቁሚ፣ አለቀ እኮ፣ ቁሚ፣ አትቆምም፣ ከቆመች ይነግሯታል፣ ገና አልነገሯትም፣ በጎናቸው አልፋ ወደ ባዶው ሜዳ ትታጠፋለች፣ እግሯ ይያዝ እንጂ ትሮጣለች፣ ይቺን ዙር እስክትጨርስ ኣሪያም በሕይወት አለች፣