አማቴ የለኮሱት ምድጃ

በቴክሳስ ከእኔ የተሻለ ሥጋ ጠባሽ ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም ወይ እኔን አይቶ ሙያውን ትቷል። የበሬ ጎድኔ ሽታ ሦስት ከተማ አቋርጦ ጥርስ የሌላቸውን ያስጎመጃል። የማያደንቁኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ አማቴ ሃርላን።

ሃርላን ዕድሜያቸውን ሙሉ በግንድ እሳት የጠበሱ ናቸው። የእኔ ምድጃ ደግሞ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ከተጨመቀ ሰጋቱራ የተሠራ የእንጨት እንክብል ራሱ ይጎርሳል፣ ራሱ ይለኩሳል፣ ራሱ ያራግባል። ስድስት ዓመት ሙሉ ከእሱ አንዲት ጉርሻ አልቀመሱም። "ከሶኬት የወጣ ሥጋ አልበላም!"

ለሰማንያኛ ልደታቸው ግን ባለቤቴ ናዲን ለምና አሸነፈቻቸው።

"እሺ፣ እቀምሳለሁ" አሉ። "ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ካልቀረበ ግን ሬይፎርድ ሽርጡን ያስረክበኛል፤ እስክሞት ሽንኩርት ይከትፍልኛል።"

ሽርጤን! ሬይፎርድ ተብሎ ስሜ የተጠለፈበትን!

የልደታቸው ዕለት፣ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የምድጃዬን ቁልፍ ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ፣ እንክብሉ ወረደ፤ ጭስ ግን የለም። አጠፋሁ፣ አበራሁ። አራት ጊዜ። ምንም።

ሃርላን ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀመጡ፤ ሠርግ የታደሙ ይመስላሉ።

"ምነው ልጄ፣ ምድጃህ ፆም ያዘ እንዴ?"

"ምርመራ ላይ ነኝ፣ አባባ።"

ናዲን በመስኮት ብቅ አለች። "ምርመራ ይላል እንዴ! አንዱን ቁልፍ አራቴ ሲጫን ነው ያየሁት!"

ሶኬቱን ነቅዬ የምድጃውን ሆድ ከፈትኩት። ሽቦዎቹ ደህና ናቸው። የመለኮሻው ዘንግ ላይ ቴስተር ባደርግ መርፌው ንቅንቅ አላለም። እንደ ፍም መቅላት የነበረበት ዘንግ ውስጡ ተቃጥሏል። ዕቃው ያለበት ሱቅ የሚከፈተው ሰኞ ነው። እኔ ሰኞን ጎትቼ ቅዳሜ ላይ ማምጣት የሚያቅተኝ ሰው አይደለሁም፤ ጊዜ አጠረኝ እንጂ። ጎድኑ የስምንት ሰዓት እሳት ይፈልጋል፣ አሁን ደግሞ ከጠዋቱ አንድ ተኩል ሆኗል።

'የሞተው መለኮሻው ብቻ ነው፤ በእጅ ብለኩሰውስ?' አልኩና ክብሪት ጫርኩ።

"ተው!" ሃርላን ከወንበራቸው ዘለሉ፤ በሰማንያ ዓመታቸው! "አራቴ ጎርሶ ያልበላውን ክምር ልትለኩስ ነው? ቅንድብህን ይዞት ይሄዳል!"

እውነትም እንክብሉ የሚነድበት ኩባያ እስከ አፉ ሞልቷል። ቅንድቤ ደግሞ በአውራጃው የታወቀ ነው። ገለበጥኩት፣ አመዱን ጠረግኩ፣ አንድ እፍኝ እንክብል ብቻ መለስኩ። ከዚያ አሥራ አንድ ክብሪት ጨረስኩ። አንዱም አልያዘም።

አማቴን ቀና ብዬ አየሁ። ሽርጤንም አየሁ።

"አባባ… እባክዎ።"

ሃርላን ከመኪናቸው አንድ ፍልጥ አወጡ፣ በሰንጢ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥር ላጡ፣ በእንክብሉ መሃል ሰካኩ። የነሐስ ላይተራቸውን ቀጭ አደረጉ፤ እፍ፣ እፍ። እሳቱ ተነሳ። እንክብሉ ደህና እስኪቀላ ጠበቁ።

"በል አሁን ሰክተህ ቁልፍህን ተጫን።"

ማራገቢያው ሲነሳ ምድጃው እንደ አንበሳ አገሳ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጎድኑ ገባ።

አሥር ሰዓት ላይ ማዕዱ ቀረበ። ሥጋው ትክ ብለው ቢያዩት እንኳ ከአጥንቱ ይለያል። ሃርላን አንዱን ጋጡ። ሁለተኛውንም ጋጡ። ሦስተኛውን ሲያነሱ አላስቻለኝም።

"ከሶኬት የወጣ ሥጋ አይበሉም ነበር እኮ!"

"የምን ሶኬት?" ጣታቸውን ላሱ። "የለኮስኩት እኔ ነኝ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

"ሽርጡስ?" አለች ናዲን።

"ይያዘው። ለእኔ ይሰፋኛል፣ ሆዱን አታይም?"

አዲሱ መለኮሻ በሳምንቱ መጣ። እስከ ዛሬ እንደታሸገ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋት የሃርላን መኪና በራችን ላይ ይቆማል፤ ሽማግሌው ላይተራቸውን እንደ ሽጉጥ ይዘው ይወርዳሉ።

"አሁንም አልሠራ አለህ?"

"እምቢ አለ፣ አባባ። ምርመራ ላይ ነኝ።"